ወደ ውጭ አገር የሚሄድ አሽከርካሪ መንጃ ፈቃዱን መቀየር ይኖርበታልን?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚጓዝ መንገደኛ ጎሐ ጽዮን ከተማን እንዳለፈ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ይጀምራል። አስፋልቱ በገደሉ ጎን እየተጠማዘዘ እስከ ወንዙ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ እስከ ደጀን ድረስ ረጅሙን ዳገት ይወጣል። ከደጀን በኋላ አንደኛው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው ወደ ቢቸና፣ ደብረ ወርቅና ሞጣ ያመራል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተገነባውና 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም ተመርቆ ለአገልግሎት ከተከፈተ ወዲህ የመሻገሪያው ችግር የተቃለለ ቢሆንም፣ ቁልቁለቱና ዳገቱ ዛሬም የአሽከርካሪን ችሎታ የሚፈትን ነው።

በዚህ መንገድ የቢቸናን ጤፍ የጫነ አይሱዙ ወይም መንገደኛ የሞላ አውቶቡስ ለዓመታት ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ማርሽ ቀንሶ መውረድን፣ ፍሬን እንዳይግል መጠንቀቅንና በጠባብ ኩርባ ላይ ለሚወጣው ተሽከርካሪ ቅድሚያ መስጠትን ከማንም በተሻለ ያውቃል። ይሁን እንጂ ይኸው ሹፌር ኑሮውን ወደ ዋሽንግተን፣ ለንደን፣ ፍራንክፈርት ወይም ዱባይ ሲያዛውር የዚያ አገር የትራፊክ ፖሊስ የሚጠይቀው በዓባይ በረሃ ያሳለፈውን ዘመን ሳይሆን በእጁ ያለው መንጃ ፈቃድ በዚያ አገር የጸና መሆኑን ነው። በመሆኑም ወደ ውጭ የሚሄዱም ሆነ በዚያ የሚኖሩ ወገኖች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ የኢትዮጵያን መንጃ ፈቃድ ይዞ መቀጠል ይቻላልን? ወይስ መቀየር ያስፈልጋል? መቀየር ካስፈለገስ መቼ?

አጭሩ መልስ፣ ለጉብኝት ወይም ለአጭር ሥራ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መቀየር አያስፈልገውም፤ መኖሪያውን ያዛወረ ሰው ግን የአገሩ ሕግ የሰጠው የጊዜ ገደብ ከማለቁ በፊት መቀየር አለበት የሚል ነው። "መቀየር" የሚለው ቃል ግን ለኢትዮጵያዊ አሽከርካሪ በብዙ አገሮች አሮጌውን ሰጥቶ አዲሱን መቀበል ማለት እንዳልሆነ ከወዲሁ መገንዘብ ይገባል።

ፈቃዱ ከመኖሪያ ጋር የተያያዘ ነው

በሕግ አጠራሩ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ የሚባለው ሰነድ አንድ መንግሥት በራሱ መንገድ ላይ፣ በራሱ የትራፊክ ደንብና በራሱ ፈተና መሠረት ለአንድ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ነው። በአገራችን ይህ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 600/2000 ይመራ የነበረ ሲሆን፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ተተክቷል። በብዙዎች አንደበት ዛሬም "ሦስተኛ"፣ "አምስተኛ" እየተባለ የሚጠራው የቀድሞው የደረጃ አከፋፈል ቀርቶ በአዲሱ ሥርዓት ፈቃዱ በተሽከርካሪው ዓይነት ማለትም በሞተር ብስክሌት፣ በባለሦስት እግር፣ በአውቶሞቢል፣ በሕዝብ ማመላለሻ፣ በደረቅና በፈሳሽ ጭነት እንዲሁም በልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ተከፋፍሏል።

አንዱ አገር የሰጠውን ፈቃድ ሌላው የሚያከብርበት ሥርዓት በዋነኛነት ከሁለት ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ይመነጫል። እነርሱም እ.ኤ.አ በ1949 በጄኔቭ እና በ1968 በቪየና የተፈረሙት የመንገድ ትራፊክ ስምምነቶች ናቸው። የሁለቱም ዓላማ ድንበር ተሻጋሪ ጉዞን ማቃለል ነው። የቪየናው ስምምነት አንድ ሰው መደበኛ መኖሪያውን ወደ ሌላ አገር ካዛወረ ያ አገር የቀድሞውን ፈቃድ የመቀበል ግዴታ እንደሌለበት በግልጽ ያስቀምጣል። በሌላ አነጋገር ስምምነቱ እንግዳን ይረዳል እንጂ ነዋሪ የሆነውን ሰው ከአገሩ ሕግ ነጻ አያደርገውም።

ይህን ልዩነት ለመረዳት የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የኢትዮጵያ ከባድ መኪና ሾፌሮች የወጪና ገቢ ንግዱን ጭነት ይዘው ወደ ጅቡቲ ወደብ ይመላለሳሉ። ድንበር ይሻገራሉ፤ ኑሯቸው፣ ቤተሰባቸውና የሥራ ውላቸው ግን በኢትዮጵያ ነው። ስለዚህም የጅቡቲ መንጃ ፈቃድ አውጡ አይባሉም። በአንጻሩ በውጭ አገር ቤት ተከራይቶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቶና ሥራ ይዞ የሚኖር ሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢነዳም እንደ ነዋሪ ይቆጠራል።

"ኢንተርናሽናል" የሚባለው መንጃ ፈቃድ

በኅብረተሰቡ ዘንድ በስፋት የሚታይ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በማንኛውም አገር ያለ ገደብ መንዳት ይችላል የሚለው ነው። ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ ራሱን የቻለ ፈቃድ ሳይሆን የአገር ቤቱን ፈቃድ ይዘት በተለያዩ ቋንቋዎች የሚያስረዳ መጽሐፍ መሰል ሰነድ ነው። ዋናው ፈቃድ አብሮ ካልቀረበ ብቻውን ዋጋ የለውም። በጄኔቭ ስምምነት መሠረት የሚሰጠው ለአንድ ዓመት፣ በቪየናው መሠረት የሚሰጠው ደግሞ ቢበዛ ለሦስት ዓመት የሚያገለግል ሲሆን፣ የዋናው ፈቃድ ጊዜ ቀደም ብሎ ካለቀ ሰነዱም አብሮ ያልቃል።

ይህ ሰነድ የሚወጣው ዋናውን መንጃ ፈቃድ በሰጠው አገር እንጂ በሚኖሩበት አገር አይደለም። በኢንተርኔት ገንዘብ በመክፈል ያለ ፈተና ወይም ያለ አገር ቤት ፈቃድ "ኢንተርናሽናል" እንሰጣለን የሚሉ ሻጮች የሚያቀርቡት ወረቀት በፖሊስም ሆነ በመድን ድርጅት ዘንድ ተቀባይነት የለውም። ገንዘብ ከማባከኑም በላይ በሐሰተኛ ሰነድ የመገልገል ወንጀል ሊያስከትል ይችላል።

መቀየር ሦስት መልክ አለው

በዓለም ላይ የሚሠራባቸው የመንጃ ፈቃድ መቀየሪያ መንገዶች በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ቀጥታ ልውውጥ ነው። ሁለት አገሮች አንዱ የሌላውን የሥልጠናና የፈተና ደረጃ ሲቀበሉ ነዋሪው አሮጌውን ፈቃድ አስረክቦ የአዲሱን አገር ፈቃድ ያለ ፈተና ይቀበላል። ለምሳሌ ብሪታኒያ ከጃፓን፣ ከካናዳ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከሌሎች በስም ከተዘረዘሩ አገሮች ጋር በዚህ መንገድ ትሠራለች። ኢትዮጵያ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለችም።

ሁለተኛው የከፊል ዕውቅና መንገድ ነው። የቀድሞው የመንዳት ልምድ ግምት ውስጥ ገብቶ የመጠበቂያ ጊዜ ወይም የግዴታ ሥልጠና ይቀነሳል፤ ፈተናው ግን ይቀራል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው እንደ ጀማሪ ተመዝግቦ ከጽሑፍ እስከ ተግባር ያለውን ሁሉ እንደገና መፈተን ነው። ኢትዮጵያዊ አሽከርካሪ በሚበዙት አገሮች የሚገጥመው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው መንገድ በመሆኑ ጊዜና ገንዘብ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

በአንዳንድ አገሮች ያለው አሠራር

ብሪታኒያ፦ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወራት አውቶሞቢልና አነስተኛ ተሽከርካሪ መንዳት ይችላል። ከዚያ በኋላ መንዳት ለመቀጠል ጊዜያዊ ፈቃድ አውጥቶ የጽሑፍና የተግባር ፈተናዎችን ማለፍ አለበት። ጊዜያዊውን ፈቃድ ዓመቱ ከማለቁ በፊት ያወጣ ሰው የቀረችውን ጊዜ ያለ አስጠኚ ሊነዳ ሲችል፣ ዓመቱን ያሳለፈ ግን ዕድሜው ከ21 ዓመት በላይ የሆነና ፈቃድ ካወጣ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ከጎኑ ሳይቀመጥ መንዳት አይፈቀድለትም። የእንግሊዝ የጽሑፍ ፈተና እ.ኤ.አ ከ2014 ወዲህ በሌሎች ቋንቋዎች በድምፅ መታገዙ ቀርቷል። ስለዚህም አሥር ዓመት የነዳ ሰው እንኳ የሚወድቀው በመሪው ሳይሆን በቋንቋው ሊሆን ይችላል።

ጀርመን፦ ጊዜው አጭር ነው። መደበኛ መኖሪያውን በጀርመን ያደረገ ሰው በኢትዮጵያ ፈቃድ መንዳት የሚችለው ለስድስት ወራት ሲሆን፣ ቆይታው ከአንድ ዓመት እንደማይበልጥ ያስረዳ ሰው ማራዘሚያ ሊጠይቅ ይችላል። ፈቃዱ ከትርጉሙ ጋር መያዝ አለበት። ከዚያ በኋላ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ፈተናዎች ይጠበቁበታል። የቀድሞ ፈቃድ ያለው ሰው ለጀማሪ የተደነገገውን የግዴታ ትምህርት ሰዓት እንዲጨርስ ባይገደድም፣ ያለ ልምምድ ፈተና የሚገባ ሰው ክፍያውን በከንቱ ሊያጣ ይችላል።

ስዊድን፦ በሕዝብ መዝገብ ከተመዘገቡበት ቀን አንስቶ አንድ ዓመት ይቆጠራል። ከአንድ ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ፈቃድ አይሠራም፤ ልውውጥም የለም። ነዋሪው የአደጋ ግንዛቤ ሥልጠናውን ጨምሮ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይወስዳል።

አሜሪካ፦ በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ወጥ የመንጃ ፈቃድ የለም፤ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ሕግ ያወጣል። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አዲስ ነዋሪ የግዛቱን ፈቃድ እንዲያወጣ የሚጠበቅበት ጊዜ 60 ቀን ነው። በሜሪላንድ ከአሜሪካ ውጭ የተሰጠ ፈቃድ የያዘ አዲስ ነዋሪ ከዓይን ምርመራና ከፈተናዎቹ በተጨማሪ ስለ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ የሦስት ሰዓት ትምህርት ይወስዳል። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ የመንግሥት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናንም በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። ይህም ለብዙ ወገኖቻችን ትልቅ ማቃለያ ነው።

ካናዳ፦ በኦንታሪዮ አዲስ ነዋሪ በቀድሞ ፈቃዱ የሚነዳው ለ60 ቀናት ነው። የልውውጥ ስምምነት ከሌለው አገር የመጣ ሰው የመንዳት ልምዱን በሰነድ ካስረዳ በተለመደው ደረጃ በደረጃ ሥርዓት ውስጥ ያለው የመጠበቂያ ጊዜ ሊያጥርለት ይችላል። ከሁለት ዓመት በላይ ልምድ እንዳለው የሚጠቅስ ሰው ግን ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት የተጻፈና የተረጋገጠ ደብዳቤ ማቅረብ አለበት። ደብዳቤው ከሌለ አሥራ አምስት ዓመት የነዳውም ሰው እንደ ጀማሪ ሊቆጠር ይችላል።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች፦ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው የአገሩን መንጃ ፈቃድ መያዝ አለበት። ቀጥታ ልውውጥ የሚደረገው በዝርዝር ለተጠቀሱ አገሮች ነው። ኢትዮጵያ ከነዚህ ውስጥ ስላልሆነች በማሠልጠኛ ተቋም ተመዝግቦ መፈተን ይጠይቃል። በሳዑዲ ዓረቢያ ሴቶች እንዲያሽከረክሩ የተፈቀደው ሰኔ 17 ቀን 2010 ዓ.ም መሆኑ ይታወሳል። ይህ ለውጥ በአገሪቱ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያት ሴቶችም አዲስ የሥራ በር የሚከፍት በመሆኑ፣ ከአገር ከመውጣታቸው በፊት መንጃ ፈቃድ ያወጡ እህቶች ሰነዳቸውን አሟልተው ቢይዙ ይጠቀማሉ።

አይቀየርም የሚሉ ወገኖች ምክንያት

መንጃ ፈቃዳቸውን ሳይቀይሩ የሚቆዩ ሰዎች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች በቸልታ የሚታለፉ አይደሉም። አንደኛው ወጪ ነው። የትምህርት፣ የፈተናና የትርጉም ክፍያ ለአዲስ ገቢ ሰው ከባድ ነው። ሁለተኛው በኑሮው ጊዜያዊነት ላይ ያለው እምነት ነው። "ዘንድሮ ወይም ለከርሞ አገሬ እገባለሁ" ብሎ የሚያስብ ሰው አዲስ ፈቃድ ማውጣቱን እንደ ሥር መስደድ ይቆጥረዋል። ሦስተኛው የኢትዮጵያን ፈቃድ እንዳይወሰድበት መፍራቱ ነው። ይህ ስጋት ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ለምሳሌ በጀርመን አዲሱ ፈቃድ ሲሰጥ የቀድሞውን ማስረከብ ይጠየቃል። አራተኛው ደግሞ በዕድሜና በልምድ የገፋ አሽከርካሪ ከሃያ ዓመት ወጣቶች ጋር ተሰልፎ መፈተኑ የሚያሳድርበት ቅሬታ ነው።

ይሁንና የጊዜ ገደቡ ሐሳብን አይጠብቅም። ቆጠራው የሚጀምረው ሰውየው መንዳት ከጀመረበት ቀን ሳይሆን ነዋሪ ከሆነበት ቀን ነው። ለዘመን መለወጫ ወይም ለጥምቀት ወደ አገር ቤት ደርሶ መመለስም መኖሪያው ሳይለወጥ ቆጠራውን እንደ አዲስ አያስጀምረውም። በተመሳሳይ መልኩ አንዳንዶች የሚሞክሩት በአገር ቤት ባለ ዘመድ በኩል አዲስ ወይም ከፍ ያለ ምድብ ያለው የኢትዮጵያ ፈቃድ የማስወጣት ዘዴ ከንቱ ነው። ባለቤቱ በአካል ሳይገኝና ሳይፈተን የተገኘ ፈቃድ ሕገ ወጥ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ እንደ ጀርመን ያሉ አገሮች ባለቤቱ በእነርሱ ዘንድ ነዋሪ በነበረበት ጊዜ በሌላ አገር የተሰጠን ፈቃድ አይቀበሉም።

ሳይቀየር ቢቀር የሚያስከትለው

ጉዳዩ ከቅጣት ወረቀት በላይ የሚሆነው አደጋ በደረሰ ጊዜ ነው። ለአብነት ያህል ከሞጣ ሄዶ በብሪታኒያ አሥራ አራተኛ ወሩን የያዘ አንድ አሽከርካሪ እናስብ። መኪና አለው፤ መድንም ከፍሏል። አንድ ምሽት ከሥራ ሲመለስ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ይገጫል። ጥፋቱ የእርሱ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ፈቃዱ ከሁለት ወር በፊት ሥራውን አቁሟል። በዚህ ጊዜ ያለ ጸና ፈቃድ መንዳቱ ራሱን የቻለ ጥፋት ይሆናል፤ መኪናው በፖሊስ ሊያዝ፣ መድኑም ላይሸፍነው ይችላል። ለተጎጂው የተከፈለው ካሣ ከአሽከርካሪው ላይ እንዲመለስ የሚጠየቅበት ሁኔታ ስላለ ለዓመታት የተጠራቀመ ገንዘብ፣ ለቤተሰብ ሊላክ የታሰበውም ጭምር፣ በአንድ ምሽት ሊያልቅ ይችላል።

በጀርመን ደግሞ ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በወንጀል መቀጣት በመኖሪያ ፈቃድ ማራዘሚያና በዜግነት ጥያቄ ላይ ጥላውን ሊያጠላ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። ከሁሉም በላይ ግን የተጎዳው ሰው ካሣ ሳያገኝ እንዳይቀር ማድረግ የሕግ ብቻ ሳይሆን የኅሊና ግዴታ ነው። በአገራችንም የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ የተደረገው ለዚሁ ሲባል ነው።

የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌሮች

በዓባይ በረሃ መስመር ላይ ተሳቢ ወይም አውቶቡስ የነዱ ባለሙያዎች በውጭ አገር በዚሁ ሙያ ለመሠማራት ተስፋ ያደርጋሉ። እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብሪታኒያ ለአዲስ ነዋሪ የሚሰጠው የ12 ወር ዕድል አውቶሞቢልና አነስተኛ ተሽከርካሪን የሚመለከት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የከባድ መኪናና የአውቶቡስ ሾፌር ከመንጃ ፈቃዱ ሌላ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ይጠበቅበታል። በአሜሪካም የንግድ ተሽከርካሪ ፈቃድ ከአውቶሞቢሉ የተለየ ነው። ስለሆነም ለሾፌርነት ሥራ ቀጣሪ ነኝ ባይ ደላላ "የአገርህ ፈቃድ ይበቃሃል" ቢል ውል ከመፈረምና ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚሄዱበትን አገር ኤምባሲ ወይም የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል።

ከመነሳት በፊት መደረግ ያለባቸው ዝግጅቶች

አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው በውጭ አገር ቢሆንም መፍትሔው ያለው በአገር ቤት ነው። ከአውሮፕላን በፊት የሚከተሉትን ማሟላት ይጠቅማል።

1. ፈቃዱ ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ አሳድሶ መሄድ። ብዙ አገሮች የሚቀበሉት ጊዜው ያላለፈበትን ብቻ ነው፤ ከውጭ ሆኖ ማሳደስ ደግሞ አስቸጋሪ ነው።

2. የመንዳት ታሪክን የሚገልጽ ደብዳቤ ማጻፍ። ደብዳቤው የሚጻፈው የአሽከርካሪው ፋይል ካለበት፣ ፈቃዱን ከሰጠው የክልል ወይም የከተማ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ፈቃዱ መጀመሪያ የተሰጠበት ቀን፣ ምድቡና አሁን የጸና መሆኑ ይጠቀስበት። ፋይሉ በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ላለ ሰው ከቶሮንቶ ሆኖ ይህን ማስፈጸም ወራት ሊወስድ ይችላል።

3. ደብዳቤውንና ፈቃዱን በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ፣ እንደ አስፈላጊነቱም የሚሄዱበት አገር ኤምባሲ ማኅተም እንዲያርፍበት ማድረግ።

4. በፓስፖርቱና በመንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን ስም ማመሳከር። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የአንድ ፊደል ልዩነት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊያስመስል ይችላል። የእኛ አያት ስም በውጭ አገር እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር አጻጻፉ በሁሉም ሰነድ አንድ ይሁን።

5. የዘመን አቆጣጠሩን ማጣራት። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ የውጭ አገር ሠራተኛ ገና የሚሠራውን ፈቃድ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት እንዳለቀ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ትርጉሙ ላይ የአውሮፓ አቆጣጠሩ ጎን ለጎን እንዲሰፍር ማድረግ ይህን ያስቀራል።

6. የፈቃዱን የፊትና የኋላ ገጽ ግልጽ ቅጂ ለራስና በአገር ቤት ላለ ታማኝ ዘመድ ማስቀመጥ። ዋናውን ማስረከብ ግዴታ በሆነበት አገር ከማስረከብ በፊት የርክክብ ማስረጃ መጠየቅ።

እዚያ በደረሱ ጊዜ

መጀመሪያ የሚደረገው ነዋሪ የሆኑበትን ቀን ማወቅና የመጨረሻውን ቀን በማስታወሻ መያዝ ነው። ፈተናው ቀጠሮ የሚይዝ፣ አንዳንዴም የሚወድቁበት ስለሆነ የመጨረሻውን ወር መጠበቅ አይበጅም። የስድስት ወር ገደብ ባለበት አገር በሁለተኛው ወር፣ የዓመት ገደብ ባለበትም በግማሽ ዓመቱ መመዝገብ ቢያንስ ለአንድ ዳግም ፈተና ጊዜ ይተርፋል።

ልምድ ያለው ሾፌር ፈተና የሚወድቀው አዘውትሮ መንዳት ባለማወቅ አይደለም። መስተዋት ሳያይ መስመር መለወጥ፣ ፍሬቻ ዘግይቶ ማሳየት፣ "ቁም" የሚል ምልክት ባለበት ሙሉ በሙሉ አለመቆም፣ የእግረኛ መሻገሪያ ላይ ቅድሚያ መከልከልና መሪን በአንድ እጅ መያዝ ፈታኝ በቀላሉ የሚመዘግባቸው ጥፋቶች ናቸው። ስለዚህ ጥቂት ሰዓት ከአገሩ አሠልጣኝ ጋር መለማመድ ውርደት ሳይሆን ብልህነት ነው።

የመንገዱ አቅጣጫም ሌላው ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም ሲሆን፣ የዛሬው አሽከርካሪ የሚያውቀው በቀኝ መንዳትን ነው። በብሪታኒያ፣ በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ግን የሚነዳው በግራ ነው። ሰው በጭንቀት ጊዜ ወደ ቀድሞ ልማዱ ስለሚመለስ ከማቆሚያ ሲወጡ፣ አደባባይ ሲገቡና ባዶ መንገድ ላይ ሲታጠፉ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል።

ወደ አገር ሲመለሱ

ሕጉ በሌላው አገር ብቻ የሚሠራ አይደለም። ከውጭ ተመልሶ በኢትዮጵያ የሚኖር ሰውም፣ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም፣ የውጭ ፈቃዱን አረጋግጦ በኢትዮጵያ ፈቃድ መተካት ይጠበቅበታል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠውና "ቢጫ ካርድ" በመባል የሚታወቀው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ለባለቤቱ በርካታ መብቶችን ቢያስገኝም መንጃ ፈቃድን አይተካም። ሰነዱ ፈቃዱ ከተሰጠበት አገር ጀምሮ በየደረጃው ተረጋግጦ መምጣት ስላለበት ሥራው ከመመለስ በፊት እዚያው ቢያልቅ ይመረጣል።

ከወረቀቱ ባሻገር ያለው ጉዳይ ደግሞ የዓባይን በረሃ ያስታውሰናል። በውጭ አገር አውቶማቲክ መኪና ብቻ የነዳ ሰው ፍሪሲዮንና ማርሽ ያለውን መኪና ተከራይቶ፣ ቤተሰቡን ጭኖ፣ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ለመሄድ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲጀምር በእጁ ያለው ፈቃድ ብቻውን አያወርደውም። በዚያ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ በሚፈለግበት ሰዓት አይዝም። ከመነሻው ማርሽ ቀንሶ መኪናውን በሞተሩ ጉልበት ይዞ መውረድ የአካባቢው ሹፌሮች የዘወትር ትምህርት ነው። የውጭ አገር ፈታኝ የኛን ሹፌር እንደገና ልፈትንህ ማለቱ ምን ያህል ምክንያታዊ እንደሆነ የዓባይ ቁልቁለት ራሱ ያስረዳል፤ አንዱ መንገድ ያስተማረውን ችሎታ ሌላው መንገድ ሳያረጋግጥ አይቀበለውም።

ማጠቃለያ

ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ለጉብኝት የሄደ ሰው የአገሩን ፈቃድ ከትርጉሙ ጋር ይዞ በተፈቀደለት ጊዜ ውስጥ መንዳቱ በቂ ነው። መኖሪያውን ያዛወረ ግን ሳይዘገይ መቀየር፣ ልውውጥ ከሌለም ተፈትኖ ማውጣት ይኖርበታል። አዲሱን ማውጣት የቀድሞውን ልምድ መካድ አይደለም፤ ልምዱ በሕግ ፊት እንዲቆጠር ማድረግ ነው። ደንቦች በየጊዜው የሚሻሻሉ በመሆናቸው የመጨረሻውን መረጃ ከሚኖሩበት አገር ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ለዚህ ሁሉ ግን ቀዳሚው እርምጃ ከአገር ሳይወጡ ፋይሉ ካለበት መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ አጽፎ መያዝ ነው። ዛሬ በግማሽ ቀን የሚያልቀው ይህ ጉዳይ ነገ ከባሕር ማዶ ሲታሰብ ረጅም መንገድ ይሆናልና።

መልካም ጉዞ!